ሰይጣኑ ተመልሶ መጣ፤ ደራሲው ግን ቀረ!

ለመሆኑ ከእናንተ መካከል «ክፍል ሁለት ወጥቷል» ሲባል ልቡ የማይዘል አለ? እኔ በበኩሌ ይቺን ቃል ከሰማሁ አልችልም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጠመኔ «ክፍል 2» ተብሎ ከተጻፈ፣ የዳቦ መግዣዋን ሳንቲም ይዤ በዚያ በር ማለፍ አይሆንልኝም ነበር። ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝን ቀበቶ እያወቅኩት ዘው እላለሁ።

ይኸው አመሌ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ሰሞኑን ጉድ አፈላብኝ። ጉዱን ላውጋችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ማታ እኔ ቤት ነው። አንድ የልብ ጓደኛዬ እጮኛውን ይዞ፣ እጮኛው ደግሞ የ17 ዓመት ታናሽ እህቷን ይዛ መጡ። ቡናው ተፈላ፣ ፈንዲሻው ቀረበ፣ መብራት ጠፋ። (እኛው አጥፍተነው ነው እንጂ እንደ ሌላው ቀን ሄዶብን አይደለም!) ከዚያ «ዘ ኤግዞርሲስት»ን ከፈትን። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን፣ ዋናውን።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሬጋን የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ትኖራለች። እናቷ የፊልም ተዋናይ ናት። ልጅቷ ባሕርይዋ ይለወጣል፣ አልጋዋ ይንቀጠቀጣል፣ ከአፏ የሚወጣው ድምፅ የእሷ አይደለም። እናት ምን ታድርግ? መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ሐኪም ነው። መርፌ፣ የአንጎል ምርመራ፣ እንደገና መርፌ... ሐኪሞቹ ሁሉ አንድ አንድ ነገር ይላሉ፣ ያሉት ግን አይሠራም። ቄሶቹ የሚመጡት በሩ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከቄሶቹም አንዱ፣ አባ ካራስ፣ ራሱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ እምነቱም የተናጋበት ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ሲሆን ድርሰቱን የጻፈው ዊልያም ፒተር ብላቲ ነው፤ በ1971 ካሳተመው ከራሱ ልብ ወለድ ወስዶ። ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቶ 2 ወስዷል። አንዱን ያገኘው በድርሰቱ ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ታዲያ የሐኪም ቤቱ ትዕይንት ላይ ስንደርስ ትንሿ እንግዳዬ «አንዴ አቁመው» አለችኝ። ውሃ የጠማት መስሎኝ አቆምኩት። ስክሪኑ ላይ ሬጋን ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። ልጅቷ ትክ ብላ አየቻትና፣ «ይቺ ልጅ ታማ ነው ወይስ ይዟት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጓደኛዬ ሳቀ። እጮኛው ግን አልሳቀችም።

ኋላ ስኒ ላለቃልቅ ጓዳ ስገባ ተከትላኝ መጥታ ነገረችኝ። እህቷን ከ9 ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እናትየው ከአንዱ ጸበል ወደ ሌላው ይዘዋት ሲዞሩ ኖረዋል። ጎረቤት «እንዲህ ነው የያዛት» ይላል፣ ዘመድ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት አክስት በግድ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ የአንጎሏ ሞገድ ተነሣ፣ መድኃኒት ተጻፈላት። አሁን በየማታው ኪኒኗን ትወስዳለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከእናቷ ጋር ጸበል ትሄዳለች። እናትየው «ሁለቱም ይሁን፣ እግዜር በየትኛው እንደማራት ምን አውቄ» ይላሉ። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ የምለው የለኝም። (ይህን ከመጻፌ በፊት ልጅቷን አስፈቅጃለሁ፤ «ስሜን ብቻ እንዳታነሣ» ብላኛለች።)

እንግዲህ ጥያቄው ከምን እንደመጣ ገባችሁ። ፊልሙ አለቀ፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም። የመጀመሪያው ፊልም ትልቅነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጥያቄውን አክብዶ ይዞ፣ እናትየውን በሐኪምና በቄስ መካከል አንከራትቶ፣ እኛንም አብሮ ያንከራትተናል። ልጅቷ ግን ፊቷ ላይ ቅር ያላት ነገር ታየኝና አፌን ከፈትኩ። «አይዞሽ፣ ክፍል ሁለት አለው። እዚያ ላይ ይመልሰዋል!»

አላየሁትማ! ክፍል ሁለትን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከአፌ አምልጦኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው አራታችን ተሰበሰብን። «ኤግዞርሲስት ሁለት፦ ዘ ሄረቲክ»። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1977 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ጆን ቡርማን ነው፤ ያ «ዴሊቨራንስ»ን የሠራው እንግሊዛዊ። ዝርዝሩን ሳይ ምራቄን ዋጥኩ። ቄሱን የሚሠራው ሪቻርድ በርተን! ሐኪሟ በ«ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ኦስካር የወሰደችው ሉዊዝ ፍሌቸር! ሬጋን ራሷ ሊንዳ ብሌር፣ አሁን አድጋ። ሙዚቃው የኤኒዮ ሞሪኮኔ! ከዚህ በኋላ ምን ይጎድላል?

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ላይ ማንም ትንፍሽ አላለም። ፊልሙ ሲታይ ያምራል። ሬጋን የምትኖረው ኒውዮርክ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነው፤ መስታወት በመስታወት፣ በረንዳው ላይ ርግቦች። ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ተነሥታ የፎቁ ጠርዝ ላይ ስትሄድ እግሬ ሥር ቀዘቀዘኝ። ክሊኒኩም ሁሉ መስታወት ነው፤ የንብ ቀፎ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል፤ አንዱ ክፍል ውስጥ የሚያለቅሰው ሕፃን በአራት በኩል ተንጸባርቆ ይታያል። ሙዚቃውማ አይወራ። አንዴ ሴት ድምፅ ብቻዋን እንደ እሹሩሩ ታንጎራጉራለች፣ አንዴ ከበሮና ጩኸት ተደበላልቆ ይመጣል። ካሜራው ደግሞ በአንበጣ ክንፍ ላይ ተሳፍሮ ብርቱካናማ አቧራ ውስጥ በገደል ላይ ይበራል። ድምፁን አጥፍታችሁ ብታዩት፣ ወይም ንግግሩን አጥፍታችሁ ሙዚቃውን ብቻ ብታስቀሩ፣ ከመጀመሪያው የማይተናነስ ፊልም ነው እላለሁ።

ችግሩ ሰዎቹ ይናገራሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባ ላሞንት (በርተን ነው) የመጀመሪያው ፊልም ላይ የሞቱት ሽማግሌው አባ ሜሪን እንዴት እንደሞቱ እንዲያጣራ በቤተ ክርስቲያኒቱ ይታዘዛል። ጥሩ ነው፤ እዚህ ድረስ ሰው ይሰማል። ሬጋን ጋ ሲመጣ ሐኪሟ አንድ መሣሪያ አላት፤ ሲንክሮናይዘር ይባላል። ሁለት ሰዎች ግንባራቸው ላይ ጥብጣብ አሥረው ይቀመጡና፣ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ፣ አንድ ድምፅ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሕልም ውስጥ ይገባሉ። በቃ! የመጀመሪያው ፊልም ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስጨነቀንን ነገር፣ ይሄ በሁለት አምፖል ይገላገለዋል። ሐኪሟ ገባች፣ ቄሱ ገባ፣ ሁሉም ሰይጣኑን በዓይኑ አየ። «ታማ ነው ወይስ ይዟት ነው?» የሚለው ጥያቄ ፊልሙ ገና ሳይሞቅ ሞተ። ሐኪሟና ቄሱ የሚከራከሩበት ምክንያት የላቸውም፤ ያየኸውን አይቻለሁ፣ ያየሽውን አይቻለሁ ነው።

እዚህ ላይ ነው ክፍላችን ውስጥ አንድ ነገር የሆነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ዞር ብል ልጅቷ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ሸፍናለች፣ ፊቷንም ከቴሌቪዥኑ አዙራለች። እህቷ ብድግ አለች። እኔ ሪሞቱን ፍለጋ ፈንዲሻውን ደፋሁት። ጓደኛዬ ሮጦ አምፖሉን አበራው። ልጅቷ ግን እርጋታዋ! «ምንም አልሆንኩም እኮ፣ ሐኪሜ እንዲህ አድርጊ ብሎኝ ነው» አለች።

የዚያን ዕለት ማታ ያስፈራን ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን ለእናንተም ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ በብልጭታ አይነሣበትም፤ ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ ናቸው። ሆኖም ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ የ«ፖኪሞን» ካርቱን አንድ ክፍል ላይ በታየ ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ የተነሣ ከ600 በላይ ሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተዋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አፍንጫችሁን ስክሪኑ ላይ ለጥፋችሁ አትዩ፤ መብራት አብሩ፣ ራቅ በሉ። ድንገት ብልጭታ ከመጣ ዓይን መጨፈን አይበቃም፣ ብርሃኑ በቆዳው አልፎ ይገባል፤ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ መዞር ነው። ሰው ወድቆ ካያችሁ ደግሞ እባካችሁ ያቺን ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ተዉት! አፉ ውስጥ ማንኪያም አትክተቱ። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጋችሁ፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ይኸው ነው። ወደ ፊልማችን።

«እንተወው» አልኩ። «የጀመርነውን እንጨርስ እንጂ» አለች ልጅቷ። አምፖሉ እንደበራ፣ ያንን ትዕይንት በሩጫ አሳልፈን ቀጠልን።

ከዚያማ ሳቅ ሆነ። ሬጋን በሕልሟ ባየችው ነገር የቄሱን ፊት በእሳት ተከቦ ትሥላለች፤ ቄሱ ሥዕሉን አይቶ «እሳት አለ!» ብሎ ወደ ምድር ቤት ይሮጣል፤ እውነትም አንድ ሣጥን እየተቃጠለ ነው፤ በምን ያጥፋው? በክራንች! ያ ሁሉ መድረክ ያንቀጠቀጠ ታላቅ ተዋናይ ክራንች ይዞ ሣጥን ሲደበድብ ጓደኛዬ ከወንበሩ ወደቀ። ይባስ ብሎ ሬጋን የትምህርት ቤት ትርኢት ላይ ባርኔጣ አድርጋ እግሯን ቋ ቋ እያደረገች ስትደንስ፣ በዚያው ሰዓት ቄሱ በሌላ አገር በድንጋይ ይወገራል፤ ድንጋዩ እሱን ሲመታው እሷ መድረክ ላይ ትወድቃለች። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ግሩም ነው። ሲታይ ግን ሳቅ ያመጣል።

ሌላ አገር አልኩ አይደል? የት መሰላችሁ? እዚሁ፣ ኢትዮጵያ!

አዎ፣ የ«ኤግዞርሲስት» ክፍል ሁለት እኛ ጋ ይመጣል። ሽማግሌው አባ ሜሪን በጉብዝናቸው ኢትዮጵያ መጥተው ኮኩሞ ከሚባል ልጅ ላይ ሰይጣን አውጥተው ነበርና፣ አባ ላሞንት ያንን ልጅ ፍለጋ ይመጣል። ላሊበላን የሚያስታውስ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። መነኮሳቱ በገደል ስንጥቅ ውስጥ እግራቸውን ከግራና ከቀኝ ዓለት ላይ እየተከሉ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ደብረ ዳሞን በጠፍር ገመድ የወጣ ሰው ይህን ሲያይ መዳፉ ያልበዋል። ትዕይንቱ ነፍስ አለው፣ አልክድም። ግን አንዱም እዚህ አልተቀረፀም። ዓለቱም ቤተ ክርስቲያኑም ካሊፎርኒያ፣ ቡርባንክ፣ ዋርነር ብራዘርስ ግቢ ውስጥ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ኢራቅ ሲል እውነት ኢራቅ ድረስ ሄዶ ነው የቀረፀው፤ ያ የመክፈቻው ፀሐይና አቧራ እውነተኛ ነው።

መቼም ስቱዲዮ ውስጥ መሥራት ኃጢአት አይደለም፤ ያዩትን ሳይሆን የጠየቁትን አለመጠየቃቸው ነው የሚያናድደው። ኮኩሞ! ይሄ ስም ከየት መጣ? የዮሩባ ስም ነው፣ የናይጄሪያ፤ ትርጉሙም «ከእንግዲህ አይሞትም» ማለት ነው፤ ተደጋግሞ ሕፃን ሲሞትበት የኖረ ቤተሰብ የሚያወጣው ስም። እኛ ጋ «ማስረሻ»፣ «ምትኬ» እንደምንለው። አንድ የጎጃም ቄስ ወይም አንድ የላስታ ገበሬ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ስንት ስም በነጻ ባገኙ! ከዚያ ደግሞ ቄሱ በትንሽ አውሮፕላን ጄፕቲ ወደምትባል የጭቃ ከተማ ይሄዳል። ጄፕቲ የት ነው? እኔንጃ፣ ክፍለ ሀገሩን የሚያውቅ ይንገረኝ።

ያደገው ኮኩሞ ማን ሆኖ ቢመጣ ጥሩ ነው? ጄምስ ኧርል ጆንስ! በዚያው በ1977፣ «ስታር ዋርስ» ላይ የዳርዝ ቬደር ድምፅ የሆነው ሰው። እዚህ ፊልም ላይ የአንበጣ ጭንቅላት የሚመስል ቆብ ደፍተውለት አስቀምጠውታል። ቄሱን በሚስማር ላይ ተራመድ ይለዋል። ቄሱ እግሩን ያነሣና... ሕልም ነበር፤ ኮኩሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ የአንበጣ ተመራማሪ ሆኖ ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሟል!

ግን እስቲ ቆይ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። ከሳቃችን መሐል እኔ ዝም ያልኩበት ቦታ ይሄ ነው። ኮኩሞ ለቄሱ ሲያስረዳው እንዲህ ይላል፦ አንበጣ ብቻውን ሲሆን ሰላማዊ ነው፤ ሲጨናነቅ፣ ክንፍ ለክንፍ ሲተሻሽ ግን ያብዳል፣ መንጋ ሆኖ ይነሣል። እሱም ሌሎቹ ሲነኩት የማያብድ፣ ይልቁንም መንጋውን የሚያበርድ አንድ «ደግ አንበጣ» ለማራባት ይሞክራል። ሬጋንም ያቺ ደግ አንበጣ ናት፤ ክፋት ነክቷት ያልከፋች። ይሄን የጻፈ ሰው ሞኝ አይደለም! የበረሃ አንበጣ እውነትም እንዲያ ነው። ሳይንቲስቶች ኋላ እንዳረጋገጡት፣ በመጨናነቅ ብዛት የኋላ እግሩ ደጋግሞ ሲነካካ አካሉ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምርና ጠባዩ ይለወጣል፣ ኋላም ቀለሙ። እኛ ደግሞ አንበጣን ከፊልም አልተማርነውም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የመጣው መንጋ ለአገራችን በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፤ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ያኔ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየደበደበ ማሳው ላይ ሲሮጥ በቴሌቪዥን አይተናል። ፊልሙ ላይም ትንሹ ኮኩሞ ገመድ እያሽከረከረ አንበጣ ሲያባርር ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ፊልም ተቀብሮ ነበር። ማንም ቆፍሮ አላወጣውም።

ለምን? ነገሩን ሳጠናው፣ ድርሰቱ ገና ሳይበስል ነው ወጥ የተባለው። የመጀመሪያው ደራሲ ብላቲ የለበትም፣ ፍሪድኪንም የለበትም። እናትየውን የሠራችው ኤለን በርስቲን «አልመለስም» አለች። (ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2023 በወጣው ሌላ ክፍል ላይ ተመልሳለች፤ ያም ሌላ ሐዘን ነው።) ድርሰቱን የጻፈው ዊልያም ጉድሃርት የሚባል የቴአትር ደራሲ ነው። ቡርማን ደግሞ ከሮስፖ ፓለንበርግ ጋር ሆኖ ያንን ድርሰት ሲያርመው፣ ሲያርመው፣ ቀረፃው ተጀምሮም ሲያርመው ነበር። በመሐሉ ቡርማን ራሱ ከአቧራ በሚተላለፍ የሳምባ በሽታ ወድቆ ሥራው ለሳምንታት ቆመ። ሊንዳ ብሌርም ያንን የሚያስፈራ ሜካፕ ዳግመኛ አልቀባም ብላ ሌላ ሰው ተተካላት። ፊልሙ ሲወጣ ተመልካች ሳቀበት። ቡርማን ሮጦ ሄዶ ቆራረጠው፣ መጨረሻውን ለወጠው። የሠርጉ ዕለት ቀሚስ መስፋት ማለት ይኸው ነው።

ለቡርማን አንድ ነገር ልመስክርለት። የመጀመሪያውን ፊልም እንዲሠራ ተጠይቆ «ሕፃን ልጅ የሚያሰቃይ ፊልም አልሠራም» ብሎ የመለሰ ሰው ነው። ክፍል ሁለትን የሠራው ያንን ሊክስ ነው፤ ልጅቷ የምትሰቃይ ሳይሆን የምትፈውስ እንድትሆን ፈልጎ። ልቡ ጥሩ ነበር። ግን ሰው «ያስፈራኛል» ብሎ ትኬት ቆርጦ ገብቶ ስለ ደግ አንበጣ ስብከት ቢሰጡት ምን ያድርግ? ይስቃል እንጂ።

እኔም ስቄያለሁ። ሆዴን እስኪያመኝ። የአሁኑን ሰው ግን ስሙልኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ ኦቲዝም አለባት፣ መናገር አትችልም ተብላ የተተወች። ሬጋን አጠገቧ ቁጭ ብላ ታዋራታለች። ልጅቷም አፏን ፈትታ ትመልሳለች። የእኔ ችግር ይሄ ነው፣ ያንቺስ ምንድነው ትላታለች። ሬጋንም ፈገግ ብላ፣ ልክ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ ሰይጣን ነበረብኝ ትላታለች። ልጅቷ ስትደነግጥባት፣ ችግር የለም፣ ሄዷል ብላ ታረጋጋታለች።

ይቺን ትዕይንት ፊልሙን የሚያነሣ ሰው ሁሉ የድርሰቱ ውድቀት ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳታል። ጓደኛዬም «እንዴ! እንዲህ ይባላል?» ብሎ ጮኸ፤ እኔም አብሬው ጮህኩ። ልጅቷ ግን እጇን ዘርግታ «መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። «እንደገና።» ሦስት ጊዜ አየችው። ሳቋ የኛን ዓይነት አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። በሁለቱም ፊልም ላይ፣ ከዚያ በፊት ሬጋንን «ምን ሆነሻል?» ብሎ እንደ ሰው የጠየቃት የለም። ሐኪሙ እናትየውን ይጠይቃል፣ ቄሱ ሰይጣኑን ይጠይቃል። እሷን የጠየቀቻት አንዲት መናገር አትችልም የተባለች ሕፃን ናት። ፊልሙ ከዚህ ተነሥቶ ቢሄድ ኖሮስ! ግን ደራሲው ያቺን ልጅ እዚያው ትቷት አንበጣ ሊያባርር ሄደ። መጨረሻ ላይ ጆርጅታውን ያለው ቤት ይፈርሳል፣ መንጋው ይመጣል፣ አንዷ ሰውነቷን በእሳት ታያይዛለች፤ ሁሉም ነገር ይጮኻል። የልጅቷን ጥያቄ ያስታወሰ የለም።

ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የልጆቹ እናት ሁለት ጊዜ ደውለዋል። በሁለተኛው እኔ አነሣሁት። «አንተ ልጅ፣ ልጄን በዚህ ሌሊት ምን እያሳየሃት ነው?» አሉኝ። «ምንም አይደለም እማማ፣ ስለ አንበጣ ነው» አልኳቸው። ስለ አንበጣ! ውሸት አልነበረም።

ታክሲ እስኪመጣ በረንዳ ላይ ቆመን ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይመልሰዋል ብዬሽ ነበር፣ አልመለሰውም» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሦስተኛ ክፍልስ አለው?» አለችኝ።

አለው። በ1990 የወጣ ነው፤ ብላቲ ራሱ፣ ያ የመጀመሪያው ደራሲ፣ «ሊጅን» ከሚለው መጽሐፉ ጽፎ፣ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው። ክፍል ሁለትን እንዳልተሠራ ቆጥሮ አልፎታል። አንድ የሐኪም ቤት ኮሪደር ትዕይንት አለው፤ ካሜራው ሩቅ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል፣ ነርሷ ትገባለች ትወጣለች፣ ትገባለች ትወጣለች... ከዚያ በላይ አልናገርም። እሱ ላይም ስቱዲዮው በግድ «ሰይጣን ማስወጣት ካልጨመርክበት» ብሎት መጨረሻውን አበላሽቶበታል። ግን ንግግሩ! ሰዎቹ ሲያወሩ ደግማችሁ መስማት ትፈልጋላችሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ እዩ ካላችሁኝ እሱን እዩ። ክፍል ሁለትን ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ሙዚቃውን ብላችሁ እዩት፤ ብቻችሁን አትዩት፣ ሳቅ ለብቻ አይጥምም። ያ ብልጭ ድርግም ያልኳችሁን ግን አትርሱ።

ክፍል ሦስትን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት።

ሰሞኑን እህትየው ደውላ አንድ ነገር ነገረችኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ካፌ ውስጥ ኪኒኗን ስትውጥ አንዱ የክፍል ጓደኛዋ ያያትና «የምን መድኃኒት ነው?» ይላታል። እስከዛሬ «የራስ ምታት ነው» እያለች ነበር የምታልፈው። ያን ቀን ግን ቀና ብላ፣ «ሰይጣን ነበረብኝ፤ አሁን ሄዷል» አለችው አሉ። ልጁ ሻዩን ትቶ ተነሣ። እሷ ግን ከት ብላ ስቃ ጠርታ መለሰችውና እውነተኛውን ነገረችው፤ የበሽታውን ስም፣ ስንት ዓመቷ እንደነበር፣ ብትወድቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይቀር።

እናትየው ይህን ሲሰሙ አልሳቁም አሉ። ፍላሼም እስካሁን አልተመለሰም።